ከክስ ወደ ሕክምና፦ ቦዩ ወዴት ያደርሳል?



ወንዝ የሚጠልፍ ግድብ የቱንም ያህል ጠንክሮ ቢሠራ፣ ቦዩ ከማሳ ካልደረሰ ድካሙ ሁሉ ከንቱ መሆኑን ይህ ማኅበር አሳምሮ ያውቃል። የአእምሮ ሕሙማንን ከክስ መልሶ ወደ ሕክምና ለማድረስ የሚደረገው ጥረትም ከዚህ ሕግ እንደማያመልጥ የአሜሪካ ተሞክሮ ያስረዳል።

ሕመምተኛው በአደባባይ ሲጮህ ወይም ከሰው ግቢ ገብቶ ሲያድር ይያዛል፤ ይከሰሳል፤ ይፈረድበታል። ከወኅኒ ሲወጣም ሕመሙ አብሮት ስለሚወጣ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በሜምፊስ ከተማ በ1987 እ.ኤ.አ. አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ በፖሊስ ጥይት ከሞተ በኋላ፣ በ1988 ለፖሊሶች የ40 ሰዓት ልዩ ሥልጠና መስጠት ተጀመረ። በፍሎሪዳ የብሮዋርድ አውራጃም በ1997 ለሕሙማን የተለየ ችሎት አቋቋመ። በ2006 ሙኔትዝና ግሪፊን የተባሉ ሁለት ምሁራን፣ ከጎዳና እስከ እስር መልስ ባለው ጉዞ ላይ ሕመምተኛው ሊጠለፍ የሚችልባቸውን 5 ቦታዎች በንድፍ አሳዩ። ጠለፋው በቀደመ መጠን ጉዳቱ ይቀንሳል።

የማያሚ ዴድ አውራጃ ሥራ ከሁሉ ጎልቶ ይታያል። ዳኛ ስቲቨን ላይፍማን በ2000 የመሠረቱት ፕሮግራም በቀላል ወንጀል የተያዙትን በመቀበል ጀምሮ፣ በ2008 ከባድነታቸው አነስተኛ ወደ ሆኑ ሌሎች ወንጀሎች ተስፋፋ። ከ2010 እስከ 2019 የሠለጠኑት ፖሊሶች ከ105,000 በላይ ከአእምሮ ሕመም ጋር የተያያዙ ጥሪዎችን ተቀብለው ያሰሩት 198 ሰዎችን ብቻ ነው። አንድ እስር ቤትም ተዘጋ። ይህ በፖሊሱ ትዕግሥት ብቻ የተገኘ አይደለም። ፖሊሱ ሕመምተኛውን የሚያስረክብበት የሕክምና ክፍል፣ ማደሪያ፣ እንዲሁም ራሱ ታሞ የዳነና መንገዱን የሚያውቅ ረዳት ስለ ተዘጋጀ ነው።

«ወንጀለኛ በሕመም ሰበብ ያመልጣል» የሚለው ሥጋት አለ። ይሁን እንጂ ወደ ፕሮግራሙ የሚገባው ተመርጦ ነው፤ ከወጣም በኋላ እስከ አንድ ዓመት ክትትል ይደረግበታል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ክስ ከፊቱ የተደቀነበት ሰው «እሺ፣ ልታከም» ሲል ፈቃዱ ምን ያህል የራሱ ነው? በጥቂት ቀን እስር ሊያልቅ የሚችል ጉዳይ የወራት ግዴታ ሲያመጣ፣ ምሕረት የተባለው ሌላ ማሰሪያ እንዳይሆን ያሠጋል። ስለዚህ ጠበቃ አስቀድሞ ሊያስረዳው፣ እምቢ ሲልም ከሌላው ተከሳሽ የባሰ እንዳይፈረድበት ሊጠበቅ ይገባል።

በሩን መክፈት ቀላል ነው፤ ዋጋ የሚያስከፍለው ከበሩ ባሻገር ያለው አልጋ፣ መድኃኒትና ቤት ነው። ይህ ሳይሰናዳ የተጠለፈ ሰው፣ ማሳ እንዳጣ ውኃ፣ ዞሮ ከዚያው ወንዝ ይገባል።