ፌችሜይልን ከምንጭ ኮዱ መገንባት

የዛሬው ርዕሳችን ፌችሜይል ነው፤ ኢሜይላችንን ከሩቅ ሰርቨር አምጥቶ ኮምፒውተራችን ላይ የሚያደርስልን ነጻ ሶፍትዌር። ኤሪክ ሬይመንድ ፖፕክላየንት የተባለውን ፕሮግራም ተረክቦ አሳደገውና በ1996 እ.ኤ.አ. ፌችሜይል ብሎ ሰየመው።

ከምንጭ ኮዱ መገንባት ሦስት ደረጃ አለው። የታመቀውን ፋይል ከፈታን በኋላ «ኮንፊገር» የተባለው ስክሪፕት ኮምፒውተራችንን ይፈትሻል። ኮምፓይለር አለ? ኦፕንኤስኤስኤልስ ከነማበልጸጊያ ፋይሎቹ ተጭኗል? ዋና ነገር ከጎደለ እዚሁ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ «ሜክ» ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ይለውጠዋል። በመጨረሻም «ሜክ ኢንስቶል» በቦታው ያስቀምጠዋል፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ብቻ ነው።

የይለፍ ቃላችን የሚጻፍበትን የማዋቀሪያ ፋይል ደግሞ ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው እናድርግ። ለሌላ ሰው ክፍት ከሆነ ፌችሜይል አልሠራም ይላል፤ ደግ አደረገ!

ደብዳቤያችንን የሚያመጣልንን ፕሮግራም ኮዱን አይተን በራሳችን እጅ መገንባት መቻላችን ትልቅ ነጻነት ነው። ነጻነቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ኮዱን ከትክክለኛው ምንጭ አውርዱ፣ ፋይሉን ከመፍታታችሁ በፊትም ዲጂታል ፊርማውን አረጋግጡ።