በዓይን ፊት የሚመላለሰው ጥላ

(በአቃቂ ቃሊቲ ለተሰበሰቡ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ዓይን ጤና ስንሰበሰብ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ትራኮማና ስለ ዓይን ሞራ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ በትራኮማ ምክንያት ነበር። እኛ የፕሮጀክት ሠራተኞች የምንሞላው ቅጽም የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን በቅጹ ላይ ቦታ የለውም፤ የሚደርሰው ወደ ንስሐ አባት ጆሮ ነው። «አባ፣ በዓይኔ ፊት ዝንብ የሚመስል ነገር ይመላለሳል፤ በእጄ ባባርረው አይሄድም» የሚል ምእመን ያላጋጠመው ካህን በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በፍልሰታ ጾም ዳዊት ሲደግሙ በብራናው ላይ ጥቁር ክር ሲሄድ ታያቸው። በነጠላቸው ጫፍ ብራናውን ጠረጉት፤ ክሩ አልጠፋም። በማግሥቱ ሌሊት ሰዓታት ቆመው ሳለ በግራ ዓይናቸው ጥግ እንደ መብረቅ ያለ ብልጭታ ደጋግሞ ታያቸው። እርሳቸው የጾም ድካም ነው አሉ፤ አንዳንዱ ፈተና ነው አላቸው፤ ሄደው የታዩበት የሕክምና ቦታም የአቧራ ነው ብሎ ጠብታ ሰጣቸው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከታች ወደ ላይ ጥቁር መጋረጃ ተነሣባቸው። የሬቲና ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የማየት ኃይል የሚበዛበት የሬቲናው መካከል ጭምር ተላቅቆ ነበር። ቀዶ ሕክምና ቢደረግላቸውም ያ ዓይን ዛሬ ብርሃንንና ጥላን ከመለየት አያልፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓይናችንን ውስጥ የሚሞላው እንደ እንቁላል ነጭ የጠራና የተዝለገለገ ነገር ቪትሪየስ ይባላል። መጠኑ 4 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው፤ የቀረው እጅግ ቀጫጭን ክሮችና ውኃውን አቅፎ የሚይዝ ንጥረ ነገር ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ዝልግልግ ይቀጥናል፤ ክሮቹም እርስ በርስ ይያያዛሉ። ብርሃን በእነርሱ ላይ ሲያልፍ ጥላቸው ከዓይን በስተኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ በሬቲና ላይ ያርፋል። ዝንብ፣ ክር ወይም የሸረሪት ድር መስሎ የሚታየን ይህ ጥላ ነው። በነጭ ግድግዳና በጠራ ሰማይ ላይ ጎልቶ የሚታየውም፣ ልናየው ዓይናችንን ስናዞር የሚሸሸውም ስለዚህ ነው።

ብዙውን ጊዜ ከ50 ዓመት በኋላ ቪትሪየስ ከሬቲናው ጨርሶ ይለያያል። ሩቅ ማየት የሚቸግራቸው፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ ወይም ዓይናቸውን የተመቱ ሰዎች ቀደም ብሎ ይደርስባቸዋል፤ በአካባቢያችን ባሉ ፋብሪካዎች ከብረት ጋር የሚውሉትን ወጣቶች እዚህ ላይ አስቡልኝ። መለያየቱ እንደ ሽበት ያለ የዕድሜ ነገር እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ጥላውን ይለምደዋል፤ መድኃኒትም አያስፈልገውም።

አደጋው ያለው ሲለያይ አጥብቆ የያዘበትን ቦታ ስቦ ሬቲናውን ከቀደደው ነው። ድንገት ጥላና ብልጭታ ከጀመራቸው ሰዎች መካከል ከመቶ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በሚሆኑት ላይ ይህ ይገኛል። በቀዳዳው ፈሳሽ ይገባና፣ ውኃ እንደገባበት የግድግዳ ልስን፣ ሬቲናው ከሥሩ ይነሣል። ሬቲና ሕመም የሚያሰማ ነርቭ ስለሌለው ሰውየው ምንም አያመውም። የሕዝባችን ልማድ ደግሞ ያላመመውን ማቆየት ነው።

እንግዲህ ከዓመታት በፊት ጀምሮ አንድ ክር የሚታየው ሰው አይሸበር። ነገር ግን ጥላው ድንገት ከበዛ፣ ጥላሸት የተበተነ ከመሰለ፣ ብልጭታ ከታከለበት፣ ወይም ከአንድ ወገን መጋረጃ ከወረደ፣ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ፤ መጋረጃው ካለ ሌሊትም ቢሆን። ሐኪሙ የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርጎ የሬቲናውን ዳር ሁሉ ሊያይለት ይገባል፤ ይህ ሳይደረግ «ደኅና ነህ» ከተባለ ምርመራው ገና አላለቀም። ጠብታው ለሰዓታት ዓይንን ስለሚያደበዝዝ ብቻውን አይላክ። ቀዳዳው ሬቲናው ሳይላቀቅ ከተገኘ በደቂቃዎች ውስጥ በሌዘር ዙሪያው ይታሸጋል። ቀዳዳ ባይገኝም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሶ መታየት ይገባዋል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል የሚገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከአቃቂ ለሚነሣ አረጋዊ ግን ይህ ከተማውን አቋርጦ መሄድ ነው፤ ብዙዎች «ደመወዝ ሲመጣ» እያሉ የሚቆዩትም በትራንስፖርት ምክንያት ነው።

ስለ ጠበል ሳልናገር ባልፍ አባቶች ትታዘቡኛላችሁ። ጠበል ከሐኪም አይከለክልም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይለናል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ከሬቲና ቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ በዓይን ውስጥ ጋዝ ይተዋሉ። ጋዙ ሳይጠፋ ታማሚው ወደ ከፍታ ከወጣ ይለጠጥና የዓይኑን ግፊት ከፍ አድርጎ እይታውን ሊያጠፋው ይችላል። የአውሮፕላን ጉዞ የሚከለከለው ለዚህ ነው። ከአቃቂ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ እንጦጦ ለጠበል የሚወጣ ታማሚም ሐኪሙን ሳይጠይቅ መውጣት የለበትም። ገና በተቀደደ ዓይን ላይ ውኃ ማፍሰስም ለቁስለት ያጋልጣል። ለአንዳንዱ ለቀናት በግንባሩ እንዲደፋ ይታዘዝለታል፤ እንዲህ ያለውን ምእመን ለምን ቆመህ አላስቀደስክም ብለን አንውቀሰው፤ ስለ ስግደቱም የንስሐ አባቱ ከሐኪሙ ቃል ጋር አስማምቶ ይወስንለት።

የአጎቴ ቀኝ ዓይን ከሁለት ዓመት በኋላ ተራው ደረሰው። በዚህ ጊዜ ብልጭታው በታየ ጠዋት ደወሉልኝ፤ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቀዳዳ ተገኝታ ታሸገች። ዛሬም ዜማ ያስተምራሉ። ክሩ አሁንም በመጽሐፉ ላይ ይመላለሳል፤ «ዝንቧም ከልጆቹ ጋር ቀለም ትቆጥራለች» እያሉ ይስቃሉ።

ከዚህ ስብሰባ ሳንወጣ እያንዳንዱ አጥቢያ ሁለት ነገር ቢወስን እወዳለሁ፦ እንዲህ ያለ ምእመን ሲመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አብሮት የሚሄደው ማን እንደሆነ፣ የታክሲውም ወጪ ከየትኛው ሣጥን እንደሚወጣ። ስሞቹን እኔ እመዘግባለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።