ሕዋስ ወራሪውን በምን ያውቃል?



ማንኛውም የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊፈጽም ይችላል። አንደኛው አደጋ ደርሶ ሳለ ዝም ማለት፣ ሁለተኛው አደጋ ሳይኖር መጮህ ነው። አንዱን ለመቀነስ ሲጣር ሌላው እየጨመረ መሄዱን መሐንዲስ ሁሉ ያውቀዋል። ይኸው ችግር በሰው ሕዋስ ውስጥም ይገኛል።

ቫይረስ ወደ ሕዋስ ገብቶ የባለቤቱን መሣሪያ ለራሱ መራቢያ ያውላል። የውርስ ቅርሱ ዲ.ኤን.ኤ. ወይም አር.ኤን.ኤ. በመሆኑም ከሕዋሱ የራስ ንብረት ጋር ይመሳሰላል። ታዲያ ሕዋሱ ባዕዱን በምን ይለየዋል?

የመጀመሪያው መለያ ምልክት ነው። የሰው መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ጫፉ በኬሚካዊ ክዳን የተሸፈነ ሲሆን፣ የብዙ ቫይረሶች አር.ኤን.ኤ. ግን ሦስት ፎስፌቶች የተደረደሩበት ባዶ ጫፍ አለው። ሪግ-አይ የተባለው ፕሮቲን ይህን ጫፍ ይዞ ማስጠንቀቂያውን ያስነሣል። ይህን የጠቋሚነት ሥራውን የጃፓን ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ገለጹ።

ሁለተኛው መለያ ቦታ ነው። የሕዋሱ ዲ.ኤን.ኤ. በኒውክሊየስና በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ተከልሎ ይኖራል፤ ከዚያ ውጭ በሳይቶፕላዝም ከታየ አደጋ መኖሩን ያመለክታል። በዳላስ የሚገኘው የዢጂያን ቼን ቡድን በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ሲ-ጋስ የተባለ ፕሮቲን ይህን ዲ.ኤን.ኤ. ሲነካ አንድ ትንሽ ሞለኪውል ይሠራል። ስቲንግ የተባለው ፕሮቲን ሞለኪውሉን ተቀብሎ ኢንተርፌሮን እንዲመረት ያደርጋል። አይዛክስና ሊንደንማን በ1957 እ.ኤ.አ. በለንደን ያገኙት ኢንተርፌሮን ጎረቤት ሕዋሳትን ለመከላከል ያዘጋጃል።

ነገር ግን ሲ-ጋስ የዲ.ኤን.ኤ.ውን ጽሑፍ አያነብም፤ የራስም ሆነ የባዕድ ቢሆን ይጮኻል። ስለዚህ ትሬክስ-አንድ የተባለ ኤንዛይም ከቦታው ውጭ የተገኘውን ዲ.ኤን.ኤ. ዘወትር ይጠርጋል። ይህ ኤንዛይም በውርስ ጉድለት ሥራውን ሲያቋርጥ፣ አይካርዲ-ጉቲዬር በሚባለው በሽታ እንደሚታየው፣ ቫይረስ ሳይኖር ማስጠንቀቂያው ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ የሕፃናትም አንጎል ይጎዳል።

በተቃራኒው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ኤን.ኤስ.-አንድ በተባለው ፕሮቲኑ የሪግ-አይን ድምፅ ያፍናል። ዝምታውም እንደ ጩኸቱ ሁሉ ሕይወት ያጠፋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ተፈጥሮ ጠቋሚውን እጅግ ብልህ በማድረግ ብቻ አልተማመነችም፤ ጠቋሚው የሚጠብቀውንም ስፍራ በጽዳት ትጠብቃለች። የማስጠንቀቂያ መሣሪያ የሚተክል ባለሙያም ከመሣሪያው ጥራት እኩል ለአካባቢው ጥገና ማሰብ ይገባዋል። ጽዳቱ ከተጓደለ ታማኙ ዘበኛ ራሱ ቤቱን ያፈርሳልና።