ፊደላችሁን በኮድ አናግሩት

እህት ወንድሞቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮድ ነው። «ሥራ በሌለበት አገር ኮድ ምን ይፈይዳል?» የምትሉ አላችሁ። እኔም ዲግሪዬን ይዤ ቤት ነኝ፤ ግን ስሙኝማ።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ፊደላችን በፈረንጆች 1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ 4608ን ያዘ። ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይሄዳል፤ ለ 4616 ላይ ይጀምራል። የየኔታ ገበታ በነበረው ተራ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው! የለ ቁጥር ላይ 1 ስትደምሩ ሉ፣ 6 ስትደምሩ ሎ ይወጣል።

ፓይተን ከፍታችሁ «ከ4608 ጀምረህ ቁጥሩን ወደ ፊደል እየቀየርክ ጻፍ» የሚል ሁለት መስመር ስጡት። ሀሁ ስክሪኑ ላይ ሲዘረገፍ የሚሰማችሁን ደስታ እኔ አልነግራችሁም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብቻዬን ስስቅ እናቴ ደንግጣ ተነስታለች። አንዴ ከቀመሳችሁት ማቆም የለም፦ ዛሬ ሀሁ፣ ነገ ለሕፃናት የፊደል ጨዋታ፣ ከነገ ወዲያ የአማርኛ ስህተት አራሚ። ይሄን ሌላ ሰው እስኪሠራልን ለምን እንጠብቃለን? በፊደላችን እንኮራለን እያልን በላቲን ቻት የምናደርግ ጉዶች ነን እኮ!

ላፕቶፕ የለኝም አትበሉ፣ ፓይተን ስልክ ላይም ይሠራል። ዛሬ ማታ የስማችሁን ፊደላት ቁጥር አስወጡና አሳዩኝ።