መድኃኒቱ ነፃ ነው፤ መንገዱስ?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መድኃኒት ገንዘብ ነው። ጉዳዩ የሐኪምና የመንግሥት ብቻ ይመስላል፤ ዕቁብና ዕድር የምናውቅ ሴቶች ግን በቀላሉ እንረዳዋለን።

የዕድር ብልሃቱ ሞት ሳይመጣ ማዋጣት ነው። ዓለምም ይህንኑ ብልሃት ለመድኃኒት አውሎታል። በ2006 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ ብራዚል፣ ቺሊ፣ ኖርዌይና እንግሊዝ ዩኒቴይድ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ፈረንሳይና ሌሎች አገሮች በአውሮፕላን ትኬት ላይ ትንሽ ቀረጥ ጣሉ፤ ከዚያ በተሰበሰበው ገንዘብ የኤች አይ ቪ፣ የቲቢና የወባ መድኃኒት ተገዛ። ብዙ ሆኖ በአንድነት ሲገዛ ደግሞ ዋጋ ይወርዳል። በአገራችንም በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች መሞከር የጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የዚሁ ዓይነት ነው፤ ጤነኛው ለታመመው ያዋጣል።

ወደ ቆላችን እንምጣ። በካላዛር የሚያዘው አብዛኛው ድሃ ስለሆነ ለበሽታው መድኃኒት መሥራት ለነጋዴ አያዋጣም። ስለዚህ ለትርፍ የማይሠራው ዲኤንዲአይ የተባለ ድርጅት በልገሳ ገንዘብ ምርምሩን አስተባበረ፤ የጎንደር ሐኪሞችም ተሳተፉበት። ቀድሞ 30 ቀን ይወስድ የነበረው መርፌ በሁለት መድኃኒቶች ቅንጅት ወደ 17 ቀን ወረደ።

ይህ መድኃኒት ለታማሚው በነፃ ይሰጣል። ታዲያ ሰው ለምን ዘግይቶ ይደርሳል? ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የወረደ ወጣት ትኩሳት ሲይዘው ወባ ነው ብሎ ያለችውን ብር በየመድኃኒት ቤቱ ይጨርሳል። ሆዱ ሲያብጥና ሰውነቱ ሲመነምን ለመኪና የሚከፍለው የለውም። ጤና መድን የሚመዘገበው በቤተሰብ፣ በመኖሪያ ቀበሌ ነው፤ እሱ ግን ያለው ማሳ ላይ ነው። ካላዛር ደግሞ ካልታከመ ይገድላል።

ለእነዚህ ልጆች እንጀራ የምንሸጠው፣ ሻይ የምናፈላው እኛ ነን። ፊታቸው ሲገረጣም ቀድመን የምናየው እኛው ነን።

ስለዚህ ከየወሩ ቁጠባችን ጥቂት ለይተን የመጓጓዣና የስንቅ ሣጥን እናቁም፤ ለአባል ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ለታመመ ቀን ሠራተኛም ይድረስ። ባለ እርሻዎችም በቀጠሩት ሠራተኛ ቁጥር ልክ ትንሽ ያዋጡ፤ ሠራተኛው ሲድን እነሱም ይጠቀማሉ። ረጂዎቻችን ደግሞ አንድ ጊዜ ሰጥቶ ከሚያበቃ ርዳታ ይልቅ እኛ ባዋጣነው ልክ ይጨምሩልን። ሒሳቡን በየሦስት ወሩ በጉባኤ እናነባለን።

«ለራሳችን ሳይበቃን ለመንገደኛ?» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የእኛም ልጆች በሰው አገር ቀን ሠራተኞች ናቸው። ሩቅ አገር ያለ ተሳፋሪ ለማያውቀው ሰው ካዋጣ፣ እኛ ደጃችን ላይ ለወደቀው አናንስም።