ጉንዳን አብሮት የተወለደውና በኑሮው የሚማረው
ለሞዴል ንብ አናቢ አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ ንግግር



የዛሬው ርእሳችን ጉንዳን ነው። “ጉንዳንን ማን አያውቀውም?” እንደምትሉ እገምታለሁ። እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት ንብ አናቢ እናት ጉንዳን ቀፏቸውን እንዳስቸገረባቸው ነገሩኝ። በቀፎው ማስቀመጫ እግር ዙሪያ አመድ እንዲነሰንሱ መከርኳቸውና ሄድኩ። እሳቸውም እንዳልኳቸው አደረጉ። ከሳምንት በኋላ ዝናብ ጣለና አመዱን አጠበው። በዚያው ሌሊት ጉንዳን ገባ። ጠዋት ሲደርሱ ቀፎው ጭር ብሏል፤ እጩ ተለቅሟል፣ የተረፉት ንቦችም ኮብልለዋል። የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ሄደ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። እኔ “አመድ ነስንሱ” አልኩ እንጂ አመዱ ምን እንደሚሠራና መቼ መታደስ እንዳለበት አልነገርኳቸውም። የጠላቱን ጠባይ ያላወቀ ሰው ምክሩም ግማሽ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር እንለያለን። ጉንዳን በደመ ነፍስ የሚሠራው ምንድን ነው? እየኖረ የሚማረውስ ምንድን ነው? መልሱን ስናውቅ ቀፏችንን እንዴት እንደምንጠብቅ እናውቃለን።

ከደመ ነፍስ እንጀምር። ደመ ነፍስ ማለት ማንም ሳያስተምረው ከተፈጥሮው ይዞት የመጣው ነው። ጥጃ እንደተወለደ ጡት ፍለጋ እንደሚሄደው ማለት ነው። ጉንዳን ደግሞ በደመ ነፍስ የሚመራው ከሁሉ በላይ በሽታ ነው። ይህን የሚያሳይ አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ኤድዋርድ ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ነው። ጉንዳን ሲሞት ጥቂት ቀን ቆይቶ ከሬሳው ኦሌይክ አሲድ የሚባል ቅባት መሰል ነገር ይወጣል። ጓደኞቹ ያንን ሲያሸቱ ሬሳውን ተሸክመው ወደ ቆሻሻ መጣያቸው ይወስዱታል። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ነገር በሕይወት ባለ ጉንዳን ላይ ቀቡት። ጓደኞቹ እግሩን እያወራጨ ተሸክመው ጣሉት! ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ጣሉት። ራሱን ጠራርጎ ሽታው እስኪለቅ ድረስ ለእነሱ ሬሳ ነበር። ዓይኑ ሕያው ነው ቢልም አፍንጫው ሞቷል ካለ፣ የሚፈርደው አፍንጫው ነው።

መንገዱም እንዲሁ ነው። ምግብ ያገኘ ጉንዳን ወደ ቤቱ ሲመለስ ከሆዱ ጫፍ የሽታ ምልክት መሬት ላይ እያደረገ ይሄዳል። ሌላው ያንን ተከትሎ ይወጣል፤ እሱም ምግብ ካገኘ ሲመለስ ይጨምርበታል። መንገዱ በተመላለሱበት ቁጥር ይጠነክራል፤ ካልተመላለሱበት ደግሞ ሽታው ተኖ ይጠፋል። ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የጉንዳን መስመር ስታዩ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ስንዝር ያህሉን ጥረጉት። ከሁለቱም ወገን የመጡት እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ይዞራሉ፣ ይደናገራሉ። ግድግዳው ያው ነው፤ የጠፋው ሽታው ነው።

በቤልጅግ አገር የተደረገ ሌላ ሙከራ ደግሞ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ተመራማሪዎቹ ለጉንዳኖች ከቤታቸው ወደ ምግብ የሚያደርስ አጭርና ረጅም መንገድ እኩል ከፈቱላቸው። ብዙዎቹ አጭሩን ያዙ፤ በአጭሩ የሄደው ቶሎ ስለሚመለስ ሽታው ቶሎ ይወፍራልና። ነገር ግን መጀመሪያ ረጅሙን ብቻ ከፍተው፣ ጉንዳኖቹ ከለመዱት በኋላ አጭሩን ሲጨምሩላቸው፣ አብዛኞቹ በረጅሙ ቀጠሉ። የተሠራ የሽታ መንገድ የተሻለ መንገድ ቢመጣም በቀላሉ አይተውም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንለፍ። ጉንዳን ትንሽ ጭንቅላት አለው ብላችሁ አትናቁት። በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ በ2006 የወጣ ጥናት አንድ ትንሽ የጉንዳን ዝርያ ሌላውን እንደሚያስተምር አሳይቷል። መንገድ የሚያውቀው ከፊት ይሄዳል፣ የማያውቀው ከኋላ ይከተላል። ተከታዩ አካባቢውን ለመለየት ወዲያ ወዲህ ሲል መሪው ቆሞ ይጠብቀዋል። ተከታዩ ተመልሶ በአንቴናው መታ መታ ሲያደርገው መንገዱን ይቀጥላል። ብቻውን ቢሄድ ቶሎ በደረሰ ነበር፤ ለተማሪው ሲል ግን ይዘገያል።

በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ደግሞ ቅጠል እየቆረጡ ወደ ጉድጓዳቸው የሚያስገቡ ጉንዳኖች አሉ። ቅጠሉ የሚመግበው እዚያ የሚያለሙትን ሻጋታ ነው፤ እነሱ የሚመገቡት ሻጋታውን ነው። ተመራማሪዎች ሻጋታውን የሚጎዳ መድኃኒት የነካው ቅጠል ሰጧቸው። መጀመሪያ ያለ ጥርጣሬ አስገቡት። ሻጋታው መጎዳቱን ካዩ በኋላ ግን ያንን ዓይነት ቅጠል መቁረጥ አቆሙ፤ ንጹሑን ቢያቀርቡላቸውም ለሳምንታት አልነኩትም። እንግዲህ ጉንዳን የጎዳውን ያስታውሳል ማለት ነው።

ወደ ቀፏችን እንመለስ። እኛን የሚያስቸግሩን በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ማርና የስኳር በጥብጥ ፍለጋ በቀጭን መስመር የሚመላለሰው ትንሹ ጉንዳን ነው። ሁለተኛው ተሰልፎ በብዛት የሚወርደው፣ ቀፎ የሚያጠፋው ሰልፈኛው ጉንዳን ነው። የሰልፈኛው ሠራተኞች ዓይን የላቸውም፤ የሚሄዱት በሽታና በመንካት ነው። ከዚህ ተነሥተን የሚከተሉትን እናድርግ።

1. መንገዱን ሽታ ሳይያዝበት እንዝጋ። የተሠራ መንገድ እንደማይተው አይተናል። ስለዚህ ጉንዳን ከመምጣቱ በፊት የማስቀመጫውን እግሮች ውኃ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ እናቁም። ዘይቱን መሬት ላይ አናፍስስ። አመድ የምንጠቀም ከሆነ ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ እናድሰው።

2. ድልድይ አንተውለት። አራቱም እግሮች ዘይት ውስጥ ቆመው አንዲት የሣር ዘለላ ቀፎውን ብትነካ ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ነው። ሣሩን እንጨድ፣ የተዘነበለውን ቅርንጫፍ እንቁረጥ።

3. አንጥራው። የማር እንጀራ ስብርባሪ ቀፎው ሥር አንጣል። በደረቅ ወራት የስኳር በጥብጥ ስንሰጥ በማታ፣ ቀፎው ውስጥ፣ ሳይፈስ ይሁን። አንድ ጊዜ ምግብ ያገኘ ጉንዳን ሌላውን ይጠራል።

4. መስመር ካየን ሽታውን እናጥፋ። የሚታዩትን መግደል ብቻ አይበቃም፤ መንገዱ ካለ ሌሎች ይተካሉ። መስመሩ ያለፈበትን እንጨት በሳሙና ውኃ ፈግፍገን እንጠበው፤ ከዚያ መግቢያውን እንፈልግና እንዝጋው።

5. ቀፎ አጠገብ የተባይ መርዝ አንርጭ። መርዙ ንቡንም ይገድላል። ሰልፈኛው ጉንዳን ራሱ ምስጥንና ሌሎች ነፍሳትን የሚበላ ስለሆነ ከማሳችን ማጥፋት አያስፈልገንም። ከቀፏችን መለየቱ ይበቃናል።

የነገርኳችሁ እናት በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ቀፎ አስገቡ። ዝናብ ባባራ ቁጥር ጠዋት ጠዋት ቀፎውን እየዞሩ ያያሉ። ምን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው “ድልድይ” አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት፤ ጉንዳን ከጎዳው ነገር ከተማረ፣ እኛ ከጎዳን ነገር መማር ያቅተናል?

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ባትሪ ይዛችሁ ቀፏችሁን አንድ ጊዜ ዙሩ። ነገ ያያችሁትን ይዛችሁ ኑና እንወያይበታለን።