ባለቤት ያጣች ውሻ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ውሻ ነው። «ስንት ቁም ነገር እያለ ስለ ውሻ ይነገራል ወይ?» የሚል አድማጭ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን ይህንኑ ማለቴ አይቀርም ነበር። ይሁን እንጂ በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያን ተከትሎ ሩቅ አገር የሄደው ውሻ ሳይረሳ ተጽፎለታል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉም በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከሹማምንቱ እግር ሥር እንደ ልብዋ ትመላለስ እንደ ነበር ብዙ ሰው ይናገራል። የእኔይቱ ውሻ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማትም።

ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ሰው ብርዷን ያውቃል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ጧት በሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ይታያል። በብርድ ልብስ ሥራ ስሟ የተጠራውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ብርድ ውስጥ ነው እንግዲህ ያቺ ውሻ በጠባሴ በኩል፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ ሰፈር፣ ከአንድ ግቢ በር ላይ ተኝታ ያገኘኋት።

አሳዳጊዎቿ ተከራዮች ነበሩ። ከተማይቱ በፋብሪካ ብዛት እየሰፋች፣ የቤት ኪራይም እየከበደ በሄደ መጠን ተከራይ በየጊዜው ጓዙን ጭኖ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዛወራል። እነዚያም ሰዎች ምጣዱን፣ በርሜሉን፣ የዶሮውን ቆጥ ሳይቀር በመኪና ጭነው ሲሄዱ እሷን ከበር ላይ ትተዋት ሄዱ። የሰፈሩ ልጆች እንደ ነገሩኝ፣ መኪናውን እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትላው ሮጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተመልሳ መጥታ በበሩ ላይ ተኛች። አዲሶቹ ተከራዮች አያውቋትም፤ እሷም ሌላ በር አታውቅም። ቡችላ ሳለች በአንገቷ የታሰረው ሲባጎ ሳይፈታ እሷ ስላደገች፣ ገመዱ ሥጋዋን በልቶ ገብቶ ነበር።

እኔ በዚያ በር ፊት ለፊት ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ማታ ስመለስ አልፋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ አለፍኋት። አላየኋትም ማለት አልችልም፤ አይቻታለሁ። «ባለቤት ይኖራት ይሆናል» እያልሁ ራሴን እሸነግል ነበር። አንድ ጧት ግን ውርጩ በጀርባዋ ጠጉር ላይ ነጭ ሆኖ፣ እሷም ከብርዱ ብዛት ራሷን ቀና ለማድረግ ሳትችል አየሁና ለቁርስ የያዝሁትን ዳቦ ከፍዬ ወረወርሁላት። አልበላችም፤ ድንጋይ መስሏት ሸሸች። ዳቦውን ከእጄ ለመቀበል የበቃችው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የማያውቁትን ውሻ፣ ይልቁንም የቆሰለውን፣ በባዶ እጅ መንካት ስሕተት ነው፤ እኔ ይህን ስሕተት ፈጽሜአለሁ፤ የእንስሳት ሐኪሙም ገመዱን ቆርጦ እያወጣ አጥብቆ ገሠጸኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በውሻ የተነከሰውን ልጅ ከትቦ ካዳነ ወዲህ ግን፣ ክትባቱን በጊዜው ያገኘ ሰው ይተርፋል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

በየከተማው ይህን በሽታ በመፍራት ባለቤት የሌለውን ውሻ በመርዝ መግደል የቆየ ልማድ ነው፤ በዚያም ወራት በእኛ ሰፈር መርዝ ሊዘራ ነው የሚል ወሬ ነበር። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በሽታውን የሚገታው ግድያው ሳይሆን ከአካባቢው ውሾች ከመቶ 70 የሚሆኑትን መከተብ ነው። አንዱ ውሻ ሲገደል፣ ያልተከተበ ሌላ ውሻ መጥቶ ቦታውን ይይዛልና። ደግሞም በሽታው ሰውን ብቻ የሚጎዳ አይደለም። ከእኛ በስተሰሜን፣ የመንዝ ሕዝብ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው በኖረው በጓሳ ምድር ቀይ ቀበሮ አለ፤ በመላው ኢትዮጵያ የቀረው ቁጥሩ ከ500 አይበልጥም። በባሌ ተራራዎች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ከውሾች የተጋባው ይኸው በሽታ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። አንዲት ውሻ ስትከተብ እንግዲህ ያ የጓሳ ቀበሮ ሳይቀር ይጠቀማል ማለት ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ክትባቱ በአንድ ጧት ተፈጸመ፤ ቤት መፈለጉ ግን አምስት ወር ፈጀ።

እኔ የምኖረው በአንዲት ክፍል በኪራይ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ ደግ ሰው ናቸው፣ አንድ ሳምንት ከታገሡ በኋላ «መምህር፣ ወይ እሷን ወይ ቤቱን» አሉኝ። መርዙም በደጅ አለ። ስለዚህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እነግር ጀመር።

መጀመሪያ የመጣው መጋዘን ያለው ነጋዴ ነበር። ውሻይቱን ገና ሳያያት ሰንሰለቱን ገዝቶ መጥቷል፤ ብለካው ከአንድ ክንድ ተኩል አይበልጥም። «ቀን ትታሰራለች፤ ሌሊት ትጮኻለች፤ ሌላ ሥራ የላትም» አለኝ። ከአንገቷ ላይ አንዱ ገመድ ገና ተቆርጦ መውጣቱ ነበርና አልሰጥም አልሁት። ባልንጀሮቼ ሁሉ አሙኝ፤ «ለውሻ ደግሞ ባል እንደሚመረጥላት ልጅ ቤት ይመረጥላታል ወይ?» አሉ። እኔ አሁንም ይመረጥላታል ባይ ነኝ። ክፉ ቤት ከሜዳ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ የማይሻልበትም ጊዜ አለ፤ ለይቶ ማወቁ የሰጪው ፈንታ ነው።

ሁለተኛዎቹ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ልጆቻቸው ወደዷት፤ እኔም ደስ እያለኝ ሰጠኋቸው። በስምንተኛው ቀን መልሰው አመጧት፤ ሁለት ጫጩት ገድላለች። አልፈረድሁባቸውም። በረኃብ የኖረ እንስሳ ከጠገበም በኋላ ረኃቡን ቶሎ እንደማይረሳው አስቀድሜ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኋቸውም። ትንሹ ልጃቸው ግን እያለቀሰ መመለሱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሦስተኛዪቱ በበሬሳ ወንዝ አጠገብ ለብቻቸው የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። የመጡትም ውሻ ፍለጋ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ካለው ልጃቸው የመጣላቸውን ደብዳቤ እንዳነብላቸው ነበር። አንብቤ ስጨርስ ውሻይቱን ብዙ አዩአትና «ይቺ የማን ናት?» አሉኝ። ታሪኳን ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣

«ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ። ብወስዳት፣ እኔ የሞትሁ ለታ ማን ያበላታል?» አሉ።

በአምስት ወር ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ነጋዴው ስለ መጋዘኑ፣ ባልና ሚስቱ ስለ ልጆቻቸው፣ እኔም ራሴ ስለ ኪራይ ቤቴ ነበር የምናስበው።

«እኔ አበላታለሁ፣ እማማ» አልኋቸው። ቃል ነውና እስከ ዛሬ በላዬ አለ፤ በየዓመቱም የክትባቷን ገንዘብ የምከፍለው እኔ እንድሆን በዚያው ተስማማን።

እሳቸውም «ቤት ግን አላስገባትም፤ ጸሎት የምጸልይበት ነው» ብለው አስጠነቀቁኝ። በአጥሩ ጥግ ትንሽ ጎጆ ሠርተው የገብስ ጭድ ጎዘጎዙላት፤ ስሟንም «ማን አለኝ» አሏት። በአገራችን ለውሻ የሚወጣ ስም አንዳንድ ጊዜ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው፤ ይኸኛው ለማን እንደ ተላከ እኔ አልጠየቅሁም። ውርጩ በጠናበት ወራት ጧት ጧት የውሻይቱ ጠጉር የማድ ቤት አመድ ይዞ ይገኛል፤ ማን በሩን እንደሚከፍትላት ቢጠየቁ እሳቸው አያውቁም።

ባለፈው እሑድ አጥንት በወረቀት ጠቅልዬ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ገና ከአጥሩ ሳልደርስ ውሻይቱ ተነሥታ ጮኸችብኝ፤ ጥርሷን አግጣ በሩን ዘጋችው። ስሟን ጠራሁ፤ አልሰማችም። አሮጊቷ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እየሳቁ ወጡና፣

«ተዪ! ሌባ አይደለም፤ መምህሩ ናቸው» አሏት።

አልተወችም። አጥንቱን በአጥሩ ላይ አቀብያቸው ተመለስሁ።